ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ላይ ከተማ የማይታየው ለምንድን ነው? ወደ ፍሎይድ፣ ቨርጂኒያ ለሚሄዱ

ከዋሽንግተን፣ ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤተሰብ ይዘው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን አይተው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ቅሬታ አላቸው። «ያምራል፣ ግን ምንም የለውም» ይላሉ። ነዳጅ ማደያ የለም። ምግብ ቤት ከስንት አንዴ ነው። ከተማ አይታይም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዛፍና ተራራ ብቻ እያዩ ይነዳሉ፣ ልጆች ይርባቸዋል፣ ስልኩ ኔትወርክ ያጣል። መጨረሻ ላይ ተሰላችተው ወደ ሀይዌይ ይወርዳሉ።

ቅሬታው እውነት ነው። ግን መንገዱ ጎድሎት አይደለም። እንዲህ እንዲሆን ታስቦበት፣ መሬት ተገዝቶለትና ደንብ ወጥቶለት የተሠራ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ጉዞውን በሌላ መልኩ ያቅዳል፤ መንገዱን ለእይታ፣ ከተማውን ለሰውና ለጨዋታ። ነገሩን ለማስረዳት ከፓርክዌዩ ስድስት ማይል ያህል ገባ ብላ የምትገኘውን ፍሎይድን መርጫለሁ። ከማውቃቸው ትናንሽ የደቡብ ከተሞች ውስጥ ለቤተሰብ ጉዞ መጀመሪያ የምመክረው እሷን ነው።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል ይረዝማል። የሰሜን ጫፉ ቨርጂኒያ ውስጥ ዌይንስቦሮ አጠገብ ነው። የደቡብ ጫፉ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቸሮኪ ከተማ አጠገብ፣ ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ላይ ነው። ብዙ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ የሚያውቀው ስካይላይን ድራይቭ የሚያልቀው ይኸኛው በሚጀምርበት ቦታ ነው። ስካይላይን ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ መግቢያ ያስከፍላል። ፓርክዌዩ ግን በነፃ ነው።

የሚያስተዳድረው የቨርጂኒያ መንገዶች መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የፌዴራሉ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ምክንያቱም መንገዱ ራሱ ፓርክ ነው። ግራና ቀኙን ሰፋ ያለ መሬት ይዞ በተራራ ጫፍ ላይ የሚሄድ ረጅም፣ ቀጭን ፓርክ። በ2023 ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዝግቦበታል። የትራንስፖርት መንገድ ስላልሆነም ሕጉ ለየት ይላል። የፍጥነት ጣሪያው 45 ማይል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ይወርዳል። የጭነት መኪና አይገባበትም። በትራክ ሥራ ላይ ያላችሁ ኢንተርስቴት 81ን እንደ ቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ፓርክዌዩ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ይሄዳል፣ ግን በትራካችሁ አትደርሱበትም።

ሥራው የተጀመረው በሴፕቴምበር 1935 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ያኔ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ተራራው ላይ ያለው ሕዝብ ሥራ አጥቶ ነበር፤ የፕሬዝዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ደግሞ ለሥራ አጥ ሥራ የሚሰጥ ፕሮጀክት ይፈልግ ነበር። ሁለት ብሔራዊ ፓርኮችን በውብ መንገድ የማገናኘት ሐሳብ እዚህ ላይ ገጠመ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አስቆመው፤ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ቀጠለ። የመጨረሻው ቁራጭ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ግራንድፋዘር ማውንቴን ጎን ላይ የሚዞረው ነው። ተራራውን ላለመቁረጥ ሊን ኮቭ የተባለ ጠማማ ድልድይ ተሠራለትና መንገዱ በ1987 ተጠናቀቀ። ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው 52 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

ዋናው ንድፍ አውጪ ስታንሊ አቦት ይባላል። ሥራውን ሲረከብ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ነበር። ሙያው የመሬት ገጽታ ንድፍ ነው፣ ከመንገድ መሐንዲሶቹ ጎን ሆኖ ሠርቷል። መንገዱን በአጭሩ ማድረስ ግቡ አልነበረም። ጥቂት በተራራው ጫፍ ይወስዳችኋል፣ ቀጥሎ ወደ ጅረት ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በእርሻ መሐል ያሳልፋችኋል፣ ዞር ስትሉ ደግሞ ሸለቆው በድንገት ይከፈታል። አይን እንዳይሰለች ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መኪና አቁሞ ማየት የሚቻልባቸው ቦታዎችም እንዲሁ ተመርጠው የተቀመጡ ናቸው።

ይህን እይታ ለመጠበቅ መሬት ያስፈልግ ነበር። ክልሎቹ ከገበሬው ሰፊ መሬት እየገዙ ለፌዴራል መንግሥት አስረከቡ። ያልተገዛው ላይ ሌላ ዘዴ ነበር። ገበሬው መሬቱን ይዞ ያርሳል፣ ነገር ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዳይተክልና እይታ የሚያበላሽ ነገር እንዳይሠራ በውል ይገደዳል፤ ውሉም ከመሬቱ ጋር ለሚቀጥለው ባለቤት ይተላለፋል። ዛሬ ከመንገዱ የምታዩት ላም የሚግጥበት ለምለም መስክም ብዙ ጊዜ የፓርኩ መሬት ነው። ገበሬው ይከራየዋል። ካልታጨደ ወይም ካልተጋጠ ጫካ ይወርሰውና እይታው ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ዋጋ ነበረው፣ የከፈለውም ተራራው ላይ የሚኖረው ሰው ነው። መንገድ ይመጣል ሲባል ብዙ ገበሬ ጎመኑንና ፖሙን ወደ ገበያ የሚያወጣበት መንገድ መስሎት ነበር። የመጣው ግን የጭነት መኪና የማይገባበት፣ እንደልብ ከግቢ ወጥተው የማይቀላቀሉበት መንገድ ነው። ጥቁሩ ደግሞ ሌላ በደል ነበረበት። ዘመኑ በደቡብ ነጭና ጥቁር በሕግ የተለየበት ስለነበር፣ በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ ለጥቁር ሕዝብ ተለይተው የታሰቡ የመዝናኛ ቦታዎች ነበሩ። ፓርክዌዩን እወደዋለሁ። ስወደው ግን ይህንን ሳልረሳ ነው።

ንድፉ እንዴት እንደሚሠራ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ማይልፖስት 176 (መንገድ ዳር ያለ የማይል ቁጥር ምልክት) ላይ ያለው የሜብሪ ወፍጮ ነው። ከፍሎይድ ሩቅ አይደለም። ኤድ ሜብሪ የተባለ ሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሠራው የውሃ ወፍጮ ነው። በቆሎ ይፈጭበታል፣ እንጨት ይሰነጠቅበታል፣ አጠገቡም ብረት ይቀጠቀጥ ነበር። ውሃው ትንሽ ስለነበር ሜብሪ ከተለያዩ ምንጮች በእንጨት ቦይ እየሰበሰበ ወደ አንድ መንኮራኩር ያመጣው ነበር። ቀረብ ብላችሁ ቦዮቹን ተከተሏቸው። በእግር ላይ ቆመው፣ ትንሽ ትንሽ እያዘቀዘቁ፣ ከዛፎቹ መሐል ሲመጡ ታያላችሁ። የውሃው ማነስ ወፍጮውን ቀስ ብሎ እንዲዞር ያደርገው ነበር። ቀስ ብሎ ሲፈጭ ድንጋዩ አይግልም፣ ዱቄቱም አያርርም። የአካባቢው ሰው የሜብሪን ዱቄት ይመርጥ የነበረው ለዚህ ነው።

ከወፍጮው ወረድ ብሎ አንዲት የግንድ ጎጆ አለች። ሁሉም ጎብኚ «የሜብሪ ቤት» ብሎ ፎቶ ይነሳባታል። የሜብሪ ቤት ግን አይደለችም። ኤድና ባለቤቱ ሊዚ ይኖሩ የነበረው ባለ ሁለት ፎቅ የሳንቃ ቤት ውስጥ ነው። ፓርኩ ያንን አፈረሰው፤ የተራራ ሰው ቤት ተብሎ የሚጠበቀውን አይመስልም ነበርና። የግንድ ጎጆዋ ከሌላ ቦታ ተነቅላ መጥታ በ1950ዎቹ እዚያ ተተከለች። እንግዲህ ፓርክዌዩ የሚያሳያችሁ የተመረጠ ተራራ ነው። ሰው ሠርቶ ያማረ ቤት የሚሠራበት፣ ሱቅ የሚከፍትበት፣ ዓርብ ማታ የሚጨፍርበት ተራራ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ፍሎይድ የምትገባው እዚህ ጋ ነው።

ማይልፖስት 165 አካባቢ ተግል ጋፕ የሚባል ቦታ ላይ መንገድ ቁጥር 8 ፓርክዌዩን ያቋርጣል። በእሱ ወደ ሰሜን ስትታጠፉ በአሥር ደቂቃ ያህል ፍሎይድ ትደርሳላችሁ። የከተማዋ ነዋሪ ከ500 አይበልጥም። በጠቅላላው ካውንቲ ውስጥ ያለው የትራፊክ መብራት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እዚሁ መሐል ከተማ ነው። መብራቱ አጠገብ መኪናችሁን ካቆማችሁ ሁሉንም በእግር ታዳርሱታላችሁ። እስከ 1896 ድረስ ጃክሰንቪል ነበር የምትባለው።

ከተማዋን ለየት የሚያደርጋት የነዋሪዋ ስብጥር ነው። ከጥንት ጀምሮ እዚያው ያረሱ ቤተሰቦች አሉ። በ1970ዎቹ ደግሞ ከትልልቅ ከተሞች የሸሹ ወጣቶች «ከመሬት ጋር እንኑር» ብለው መጡና ርካሽ መሬት ገዝተው ቀሩ። ሸክላ የሚሠራው፣ ሽመና የሚሠራው፣ ኦርጋኒክ አትክልት የሚያመርተው አብዛኛው ከእነሱ ወገን ነው። በፖለቲካም በአለባበስም የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። የሚያገናኛቸው ሙዚቃ ነው።

ፍሎይድ ካንትሪ ስቶር የሚባለው ሕንፃ በ1910 የተከፈተ የገጠር ሱቅ ነው። በ1980ዎቹ ሙዚቀኞች ዓርብ ማታ እዚያ ሲለማመዱ አላፊው እያንኳኳ ልግባ ይል ጀመር። ዛሬ የዓርብ ማታው ዝግጅት ከመላው ዓለም ሰው ይጠራል። በር ላይ ትኬት ትቆርጣላችሁ። የመጀመሪያው ሰዓት የመዝሙር ነው። ከዚያ የጭፈራ ባንዶች ይተካሉ፣ መሐሉም ለጭፈራ ክፍት ይሆናል።

ጭፈራው ፍላትፉት ይባላል። እስክስታ ትከሻ ላይ እንደሚሠራው ይኸኛው ከጉልበት በታች ነው የሚሠራው። ላይኛው አካል ዝም ይላል፣ እጅ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፣ እግር ብቻ ከወለሉ ሳይርቅ ይመታል። ብዙዎቹ ጫማቸው ሥር ብረት አስመትተዋል። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ የእግራቸው ድምፅ ከከበሮ ይቆጠራል። ባንዱ ከበሮ የለውማ! የ80 ዓመት ሽማግሌ ከስድስት ዓመት ልጅ ጎን ሲመታ ታያላችሁ። አልችልም ብላችሁ ወንበር ላይ አትቅሩ፤ ማንም አይታዘባችሁም። አየሩ ሞቅ ባለ ጊዜ ውጭ መንገድ ዳር ላይም ሙዚቀኞች ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ከክቡ ውጭ ቆሞ ማዳመጥ ይቻላል። መሐላቸው መግባት ግን ነውር ነው።

ባንጆውን ልብ ብላችሁ እዩት። በቆዳ የተወጠረው ክብ ሆዱና ከሌሎቹ አጥሮ ጎን ላይ የተሰካው አምስተኛ ክሩ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ነገር ነው። በባርነት ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ የተጋዙ አፍሪካውያን በአገራቸው ያውቁት የነበረውን መሣሪያ ከቅልና ከቆዳ እንደገና ሠሩት። ከእነሱ ወደ ነጮቹ ተላለፈ። ቫዮሊኑ ደግሞ ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ ከመጡ ሰፋሪዎች ጋር ነው የመጣው። ሁለቱ ተራራው ላይ ሲገናኙ ዛሬ «የነጭ ገጠር ሙዚቃ» የሚባለው ተወለደ። ፍሎይድ ካውንቲ ነዋሪው በብዛት ነጭ ነው፤ «ጥቁር ሆኜ እዚያ ብሄድ ይከብደኝ ይሆን?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ከተማዋ እንግዳ የለመደች ናት፣ ዓርብ ማታም ለሁሉም ክፍት ነው። በዚያ ላይ መድረኩ ላይ ያለው መሣሪያ ግማሹ የአፍሪካ ነውና፣ እንደ ባዳ የምትሸማቀቁበት ምክንያት አይታየኝም።

ሙዚቃው ፍሎይድ ላይ አያልቅም። ቨርጂኒያ እነዚህን ቦታዎች ክሩክድ ሮድ በሚባል የሙዚቃ መስመር አስተሳስራቸዋለች። ጌላክስ ከተማ ከ1935 ጀምሮ በየክረምቱ ትልቅ የቫዮሊንና የባንጆ ውድድር ታዘጋጃለች። ማይልፖስት 213 ላይ ደግሞ የብሉ ሪጅ ሙዚቃ ማዕከል አለ።

ስለ ምግብ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። የደቡብ ምግብ ጣፋጭ ነው፣ ግን አሳማ የማይበላ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። አሳማ የሚኖረው ሥጋ ተብሎ በተጻፈው ላይ ብቻ አይደለም። ጎመኑና ባቄላው ብዙ ጊዜ በአሳማ ቁራጭ ነው የሚቀቀለው። ሜኑ ላይ አይጻፍም፤ አስተናጋጇን በግልጽ ጠይቁ። ሌላው የዓርብ ጉዳይ ነው። ዋናው ጨዋታ ዓርብ ማታ ነው፣ በዓለ ኃምሳ ካልሆነ በቀር ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ቢስኪቱም የበቆሎ ዳቦውም ቅቤ ወይም ወተት አለበት። ለጾመኛ ከቤት የተቋጠረ ነገር ይዞ መሄድ ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት ሜብሪ ወፍጮ አጠገብ ባለው ምግብ ቤት ፓንኬክ መብላት ግን አይቅርባችሁ። ወረፋ አለው፤ በጊዜ ድረሱ።

አሁን እንዴት እንደሚኬድ። ከዋሽንግተን በኢንተርስቴት 66 ወጥታችሁ በ81 ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ፤ ክርስቲያንስበርግ ላይ በመንገድ ቁጥር 8 ትታጠፋላችሁ። ሳያቆሙ አምስት ሰዓት ያህል ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 66 እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ከቀትር በፊት ውጡ። «ሙሉውን በፓርክዌዩ እንሂድ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ከዌይንስቦሮ እስከ ፍሎይድ መታጠፊያ 165 ማይል ነው። በ45 እየነዱ፣ እየቆሙ ሲያዩ ቀኑ ያልቃል። ልጅ ያለው ሰው አይሞክረው። እኔ የምመክረው እስከ ሮኖክ በ81 ሄዶ፣ እዚያ ነዳጅ ሞልቶ፣ ማይልፖስት 121 ላይ ወደ ፓርክዌዩ መግባት ነው። ከዚያ እስከ ፍሎይድ መታጠፊያ 44 ማይል ብቻ ይቀራል፤ መንገዱን ለመቅመስ ይበቃል።

ማይልፖስት የምላቸው መንገድ ዳር የተተከሉ ቁጥር ያላቸው ምልክቶች ናቸው። ዜሮ ከሰሜን ጫፍ ይጀምራል። ፓርክዌዩ ላይ አድራሻ ማለት ይህ ቁጥር ነው። ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ ከፓርክዌዩ አውጥቶ ወደ ፈጣኑ መንገድ ይመልሳችኋል፣ ኔትወርክም ይጠፋል። ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ የምትፈልጓቸውን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ።

ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኮች አገልግሎት የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ ዝርዝር ማየት ግዴታ ነው በሉት። የትኛው ቁራጭ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ በማይልፖስት ተለይቶ ይጻፋል። በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለው ማዕበል መንገዱን በብዙ ቦታ ናደው። ክፉኛ የተጎዳው የሰሜን ካሮላይናው ክፍል ነው፣ ጥገናውም ረጅም ሥራ ሆኗል። በብርድ ወራት ደግሞ በረዶ ሲጥል ጨው አይበተንበትም፤ በሩ ይዘጋል። ማታ መብራት የለውም፣ አጋዘን ይዘላል፣ ጉም ሲወርድ ፊት ለፊት ያለው መስመር እንኳ ይጠፋል። ከጨለመ በኋላ በቁጥር 8 ሂዱ እንጂ ፓርክዌዩ ላይ አትቆዩ።

ቅጠሉ ቀለም የሚቀይረው በዚህ አካባቢ ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ነው። ከፍ ያለው ቦታ ቀድሞ ይቀላል፣ ዝቅ ያለው ይከተላል። ስለዚህ አንዱ ቦታ ካለፈባችሁ ጥቂት ወደ ታች ውረዱ። የኦክቶበር ማረፊያ ቀድሞ ይያዛል። ሜይና ጁን ሰው ያንሳል፣ አበባውም ያምራል። ተራራው ከሩቅ ሰማያዊ የሚመስለው ዛፎቹ፣ በተለይ የኦክ ዛፎች፣ አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ ወደ አየር ስለሚለቁ ነው። ከፍታውን የሚፈራ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አረጋጉት። የፓርክዌዩ ከፍተኛ ቦታ 6,053 ጫማ ነው፣ 1,845 ሜትር ገደማ። ከባሕር ዳር ብዙም አይበልጥም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ከፍታ አይሰማውም።

እሑድ ስትመለሱ የመጣችሁበትን መድገም የለባችሁም። ፓርክዌዩን ወደ ደቡብ ይዛችሁ ማይልፖስት 190 አካባቢ ያለችውን የፑኬት ጎጆ እዩ። ኦርሊን ፑኬት 24 ልጅ ወልዳ አንዱም አላደገላትም። ከዚያ አዋላጅ ሆነች፣ በዚህ ተራራ ከ1,000 በላይ ሕፃናት በእጇ ተወልደዋል። በ1939 ነው ያረፈችው፤ ፓርክዌዩ በደጇ ሲሠራ አይታለች። ከጎጆዋ አሥር ማይል ያህል ወረድ ስትሉ ፋንሲ ጋፕ ትደርሳላችሁ። እዚያ ነዳጅም ምግብም አለ። ኢንተርስቴት 77ን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትወጡ ከ81 ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ።